በንጉሥ ገንዘብ የተገዙ ወታደሮች፦ በካሪቢያን ደሴቶች ለውትድርና ስለተሰለፉ በባርነት የተያዙ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የብሪታንያ መንግሥት ከ1795 እስከ 1807 ባሉት ዓመታት በካሪቢያን ባሕር ያሉትን ደሴቶቹን ለማስጠበቅ 13,400 ገደማ አፍሪካውያንን ከባሪያ ነጋዴዎች እየገዛ ወታደር አድርጓል፤ የተሰለፉባቸውም የጦር ክፍሎች የዌስት ኢንዲያ ሬጅመንቶች ይባሉ ነበር። ለግዢው የወጣው ገንዘብ 925,000 ፓውንድ ገደማ ስለነበር ለአንድ ሰው በአማካይ 70 ፓውንድ ያህል ተከፍሏል ማለት ነው። በእነዚሁ ዓመታት በዚያው አገር ፓርላማ የባሪያ ንግድ ይታገድ ወይስ አይታገድ የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሳ ነበር፤ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስለ እነዚህ ወታደሮች የሰሙ አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

«ባሪያ» በማለት ፈንታ «በባርነት የተያዘ» የሚባለው ለምንድን ነው?

በአማርኛ «ባሪያ» የሚለው ቃል የአንድን ሰው ሕጋዊ ሁኔታ ብቻ የሚገልጽ ሳይሆን ዘርና መልክ እየቆጠረ ሲሰደብበት የኖረ ቃል ነው። ስለዚህ ሰውየውን በተፈጥሮው እንዲያ የሆነ ከማስመሰል፣ ሌላ ሰው ያደረሰበትን ነገር መጥቀስ ትክክለኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ባሪያ» የሚለው ቃል የሚገኘው የዘመኑ ሕግና ንግድ የተጠሩበትን ስም ለመጥቀስ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው።

ጌቶች በባርነት ለያዙት ሰው መሣሪያ መስጠትን እንዴት ደፈሩ?

ደፈሩ ከማለት ቸገራቸው ማለት ይቀላል። በ1800 አካባቢ በጃማይካ ብቻ ከ300,000 በላይ ሰዎች በባርነት ተይዘው ነበር፤ ነጮቹ ግን ከእነርሱ አንድ አሥረኛ እንኳ ለመሙላት የሚቸግራቸው ጥቂቶች ነበሩ። እንዲህ ባለ ደሴት ላይ ጠመንጃ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ የዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው። ይሁንና ጠላት በመርከብ ሲመጣ ወይም በተራራው ላይ ሽፍታ ሲነሳ፣ ምሽግ የሚቆፍረውም መድፍ የሚጎትተውም ጫካውን የሚያውቀውም ያው በባርነት የተያዘው ሰው ስለነበር፣ ፍርሃቱ ለችግሩ ቦታ ይለቅ ነበር።

በ1730ዎቹ የጃማይካ የእርሻ ባለቤቶች ከባርነት አምልጠው በተራሮች ላይ የራሳቸውን መንደር ከመሠረቱት ማሩኖች ጋር ሲዋጉ፣ ከራሳቸው እርሻ መርጠው ያስታጠቋቸውና «ጥቁር ተኳሾች» ይሏቸው የነበሩ ሰዎች አብረው ዘምተዋል። በ1762 ብሪታንያ በስፔን ይዞታ ሥር የነበረችውን የኩባን ዋና ከተማ ሃቫናን ስትከብ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች በባርነት በተያዙ ሰዎች ተጠቅመዋል። ብሪታንያውያን ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች ለጉልበት ሥራ አምጥተዋቸው ነበር፤ ስፔናውያን ግን ከተማይቱን ለመከላከል ለሚሰለፉት ነጻነት ቃል ገቡ፣ ከጦርነቱም በኋላ ከመካከላቸው የተወሰኑት በንጉሡ ስም ነጻ ወጥተዋል። የእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ጠባይ አንድ ነው፤ የሚታጠቁት ጥቂቶች ናቸው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ሽልማቱ ለተመረጡ ግለሰቦች ነው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ መሣሪያው ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። የ1795ቱ እርምጃ ከዚህ የሚለየው ቋሚ ጦር በመሆኑ ነው።

በኩባና በሳን ዶሚንግ የነበሩት ጥቁር ሚሊሻዎችስ ከእነዚህ ጋር አንድ ናቸው?

አይደሉም። በኩባ የነበሩት የጥቁሮችና የክልሶች ሚሊሻዎች፣ እንዲሁም በ1779 ከሳን ዶሚንግ፣ ማለትም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከነበረችው ከዛሬዋ ሃይቲ፣ ተነስተው በሰሜን አሜሪካ በሳቫና የተዋጉት ፈቃደኞች በሕግ ነጻ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ጽሑፎች ሁለቱን ስለሚያደባልቁ ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል።

በ1795 ቋሚ ጦር ለማቋቋም ያስገደደው ምን ነበር?

በአንድ በኩል በሽታ፣ በሌላ በኩል የፈረንሳይ አብዮት። ብሪታንያ ከ1793 ጀምሮ የፈረንሳይን ደሴቶች ለመያዝ ወደ ካሪቢያን ጦር ስትልክ፣ ከአውሮፓ የመጣው ወታደር ከመርከብ በወረደ በሳምንታት ውስጥ በቢጫ ወባ ይረግፍ ነበር። እስከ 1801 ድረስ በዚያ ግንባር ከ40,000 በላይ የብሪታንያ ወታደሮች አልቀዋል፤ አብዛኞቹንም የገደላቸው በሽታ እንጂ ጥይት አልነበረም። በምዕራብ አፍሪካ ወይም በደሴቶቹ ላይ ተወልዶ በልጅነቱ በበሽታው የተነካ ሰው ግን ዳግመኛ አይያዝም ነበር። የዘመኑ መኮንኖች ይህን የጥቁር ሰው ተፈጥሮ ነው ብለው ስላመኑ፣ ከተሳሳተ ግንዛቤ ተነስተው ለእነርሱ ጠቃሚ ወደሆነ ውሳኔ ደረሱ።

አብዮቱ ያስከተለው ችግር ከበሽታው የባሰ ነበር። ኮንቬንሽን የሚባለው የፈረንሳይ አብዮት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1794 በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን ሲሽር፣ አዋጁን ይዞ ወደ ጓዴሉፕ የሄደው ቪክቶር ዩግ ነጻ የወጡትን ሰዎች አስታጥቆ ብሪታንያውያንን ከደሴቱ አስወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በግሬናዳ በጁልየን ፌዶን መሪነት አመፅ ተነሳ፣ በሴንት ቪንሰንት የደሴቱ ነባር ሕዝብና የአፍሪካውያን ዝርያ ያላቸው ጥቁር ካሪቦች ጦርነት ከፈቱ፣ ሴንት ሉሺያ ከብሪታንያ እጅ ወጣች፣ በጃማይካም ሁለተኛው የማሩኖች ጦርነት ፈነዳ። ጠላት ለጥቁሩ ሰው ነጻነትንና ጠመንጃን አንድ ላይ እየሰጠ በነበረበት ሁኔታ፣ በደሴቶቹ የብሪታንያ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ጆን ቮን ጥቁር ወታደሮች እንዲመለመሉ ለለንደን ያቀረቡት ሐሳብ በ1795 ጸደቀ። ሬጅመንቶቹ በመጀመሪያ ስምንት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አሥራ ሁለት ሆኑ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ማብቂያ ላይ በ1782 ከሰሜን አሜሪካዋ ቻርልስተን ወደ ደሴቶቹ የተወሰደው፣ ለብሪታንያ የተሰለፈው የካሮላይና ጥቁር ጭፍራ በአንደኛው ሬጅመንት ውስጥ ተጠቃለለ።

ብሪታንያ ከፈረንሳይ የወሰደችው ነገር ጠመንጃውን ማስታጠቁን ነው፤ ነጻነቱን አልወሰደችም። ከዚህ በኋላ የተከተለው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ወታደሮቹ ከየት ተገኙ?

የመጀመሪያው ዕቅድ የየደሴቱ ምክር ቤቶች ከእርሻዎቹ ጠንካራ ወንዶችን እንዲያዋጡ ነበር። የእርሻ ባለቤቶቹ አሻፈረን አሉ። ሠራተኛ መቀነሱ አንደኛው ምክንያታቸው ሲሆን፣ ዋናው ግን ዛሬ የብሪታንያን ጦር ቀይ ኮት ለብሶ በሰልፍ ያለፈ ጥቁር ሰው ነገ በአገዳው ማሳ ላሉት ወንድሞቹ የሚያሳየው ምሳሌ ነበር። በዚህ ላይ በደሴቶቹ ሕግ መሠረት በባርነት የተያዘ ሰው በነጭ ላይ ሊመሰክር ስለማይችል፣ ያው ሰው የንጉሥ ወታደር ሆኖ ሲገኝ ሥርዓቱ በሙሉ ይናጋል ብለው ሰጉ።

ስለዚህ መንግሥት ራሱ ገበያ ወጣ። ከአፍሪካ በመጡ መርከቦች ላይ የሚሸጡ ወጣቶችን በወኪሎቹ አማካይነት በንጉሡ ስም ይገዛ ጀመር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በካሪቢያን ከነበሩት ትልልቅ የባሪያ ገዢዎች ተርታ ተሰለፈ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የባሪያ ንግዱ በሕግ ለመታገድ እስከ 1807 የዘገየው በከፊል በዚህ ጥቅም ምክንያት ነው ይላሉ። ጉዳዩ የተለያዩ ምክንያቶች ቢኖሩትም፣ ሠራዊቱ የንግዱ ደንበኛ እንደነበር ግን የሚያከራክር አይደለም።

የዕለት ኑሯቸው ምን ይመስል ነበር?

የተገዛው ሰው ከመርከብ ሲወርድ የራሱ ስም ቀርቶ መኮንኑ ያወጣለት የእንግሊዝ ስም በመዝገብ ይሰፍርለታል። ከዚያም ቀይ ኮት ይለብሳል፣ ጠመንጃና ሳንጃ ይረከባል፣ የተለያየ ቋንቋ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር በአንድ ሰልፍ ቆሞ በማያውቀው ቋንቋ ትእዛዝ ይማራል። መኮንኖቹ ሁሉ ነጮች ነበሩ፤ ጥቁር ወታደር የሚደርስበት የማዕረግ ጣሪያ ሳጅንነት ነበር።

ነገር ግን በአገዳ እርሻ ላይ ከነበረው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ወታደሩ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ቀለብ ይሰፈርለታል፣ የሚቀጣውም በአለቃ ፈቃድ ሳይሆን በጦር ፍርድ ቤት ሥርዓት ነው። ሚስት ማግባትም ይችላል። ወታደሮቹ ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቁት ነበር፤ እንዲያውም ክብራቸውን ሁሉ የተከሉበት እዚህ ላይ ነበር። መቆፈሪያና ቆንጨራ የእርሻ ሰው ምልክት ስለሆኑ፣ አንድ ወታደር እነዚህን ያዝ ሲባል ወደ ባርነት ሊመልሱኝ ነው ብሎ ያስባል። ሥራው ስላደከመው እንቢ አለ ብሎ መተርጎም ነገሩን አለመረዳት ነው።

በሕግ ፊት ባሪያ ነበሩ ወይስ ነጻ ሰው?

እስከ 1807 ድረስ ይህ ጥያቄ እልባት አላገኘም። የደሴቶቹ ምክር ቤቶች እንደሚሉት ጥቁር ሰው ሁሉ ነጻነቱን በማስረጃ ካላረጋገጠ በቀር ባሪያ ነው፤ ኮት ስለለበሰም ከባሪያ ሕግ ነጻ አይወጣም። የጦር አዛዦቹ ደግሞ የንጉሥ ወታደር የሚዳኘው በሠራዊት ሕግ ብቻ ነው ብለው ይከራከሩ ነበር። ነገር ግን አዛዦቹ ለወታደሩ ነጻነት ይሟገቱ ነበር ብሎ መደምደም አይገባም። ያሳሰባቸው በሰፈራቸው ውስጥ ሌላ ዳኛ እንዳይገባ ነበር። ወታደሩ ራሱ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ፣ ሬጅመንቱ ቢበተን ማንነቱ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ኖሯል።

በ1802 በዶሚኒካ ለምን አመፁ?

ይህ በሬጅመንቶቹ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስተምር ክስተት ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመልከት ይገባል። ስምንተኛው የዌስት ኢንዲያ ሬጅመንት በዶሚኒካ ሰሜን፣ በፕሪንስ ሩፐርት ወሽመጥ ላይ በሚገኘው የሸርሊ ምሽግ ሰፍሮ ነበር። አገረ ገዥው አንድሩ ኮክራን ጆንስተን ወታደሮቹን በምሽጉ አጠገብ ያለውን ረግረግ እንዲመነጥሩ አሰማራቸው። ቆንጨራና መቆፈሪያ ተሰጣቸው፤ ሊከፈላቸው የሚገባው ገንዘብ ግን አልደረሳቸውም።

በዚያው ሰሞን በብሪታንያና በፈረንሳይ መካከል የአሚያን ሰላም ተፈርሞ ነበር። ሰላም ሲመጣ ጦር ይቀነሳል፤ ጦር ሲቀነስ ደግሞ በገንዘብ የተገዛ ወታደር ምን ይደረጋል? በሰፈሩ ውስጥ የተሰራጨው ወሬ ሬጅመንቱ ተበትኖ ሰዎቹ ለአገዳ እርሻ ሊሸጡ ነው የሚል ነበር። ደመወዝ መቅረቱ፣ መቆፈሪያው፣ የሰላሙም ወሬ አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ለወታደሩ የሚነግሩት አንድ ነገር ነበር። በሚያዝያ 1802 ተነሱ፣ ከመኮንኖቻቸው የተወሰኑትን ገደሉ፣ ምሽጉንም ለሦስት ቀናት ያዙ። በመጨረሻ ከውጭ የመጣ ጦር አሸነፋቸው፤ ብዙዎች በውጊያው ወቅት ሲሞቱ ሌሎች ተፈርዶባቸው ተገደሉ፤ ሬጅመንቱም ፈረሰ። ጆንስተን በኋላ በለንደን በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ቢወጣም የውትድርና ሕይወቱ በዚያው አበቃ።

የወታደሮቹ ስጋት መሠረት የለሽ ወሬ ነበር እንዳይባል ካርታውን ማየት ይበቃል። ከዶሚኒካ በስተሰሜን፣ በጠራ ቀን በዓይን የምትታየው ጓዴሉፕ ናት። በ1794 ነጻ የወጡት የጓዴሉፕ ጥቁር ወታደሮች በዚያው በ1802 የጸደይ ወራት የናፖሊዮን ጦር መጥቶ ትጥቃቸውን ሲያስፈታ ምን እንደሚከተል ገብቷቸው ተዋጉ። መሪያቸው ሉዊ ዴልግሬስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 28 ቀን በማቱባ ተከቦ መውጫ ሲያጣ፣ ከ300 ገደማ ተከታዮቹ ጋር ባሩድ አቀጣጥሎ ከጠላት ጋር አብሮ ጠፋ። ከዚያ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ በፓሪስ ባርነት በቅኝ ግዛቶች እንዲጸና የሚያደርግ ሕግ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ በዶሚኒካ የተወራው በጎረቤት ደሴት በአንድ ወር ልዩነት ተፈጽሟል።

በሳን ዶሚንግ የነበረው ሁኔታ ከዚህ በምን ይለያል?

በሳን ዶሚንግ መሣሪያ የያዙት ሰዎች በመጀመሪያ የራሳቸው ዓላማ ነበራቸው፤ በነሐሴ 1791 ራሳቸው ተነስተው እርሻዎቹን አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ኃያላኑ መንግሥታት ወደ ራሳቸው ሊስቧቸው ተሻሙ። ስፔን የአመፁን መሪዎች ዣን ፍራንስዋን፣ ቢያሱንና ቱሳን ሉቬርቱርን ማዕረግ እየሰጠች አሰለፈች፤ የፈረንሳይ ኮሚሽነር ሶንቶናክስ ደግሞ በ1793 አጋር ሲያጣ መጀመሪያ ለሚዋጉለት ብቻ፣ ቆይቶም በነሐሴ 29 በሰሜኑ ክፍል ላሉ ሁሉ ነጻነትን አወጀ። ቱሳን በ1794 ወደ ፈረንሳይ ወገን ዞረ።

ከዚህ ቀድሞ ግን የማይረሳ ክሕደት ተፈጽሟል። በ1791 ነጻ ክልሶች በምዕራቡ ክፍል ከነጮች ጋር ሲዋጉ «ስዊሶች» የሚሏቸውን ከሁለት መቶ በላይ በባርነት የተያዙ ሰዎች አሰልፈው ነበር። ከነጮቹ ጋር ሲታረቁ አጋሮቻቸውን አሳልፈው ሰጡ፤ ሰዎቹም በመርከብ ተጭነው እንዲባረሩ ተደረገ፣ በጃማይካ የባሕር ዳርቻ ተጥለው ከተመለሱ በኋላም ብዙዎቹ በወደብ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በሳን ዶሚንግ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ የነጻነት ተስፋ ያን ያህል የሚታመን አልሆነም።

በ1807 ለምን ነጻ ወጡ?

በመጋቢት 1807 ፓርላማው የባሪያ ንግድን ሲያግድ፣ በዚያው ወር በየዓመቱ በሚታደሰው የሠራዊት ሥርዓት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ገባ፤ በንጉሡ ገንዘብ ተገዝተው የሚያገለግሉ ጥቁር ወታደሮች ሁሉ ነጻ ሰዎች እንደሆኑ ደነገገ። በዚህ አንድ አንቀጽ 10,000 ገደማ ሰዎች ነጻ ወጡ። በብሪታንያ ደሴቶች ያለው አጠቃላይ ባርነት የተሻረው በ1834 ስለሆነ፣ እነዚህ ወታደሮች ከሌሎቹ 27 ዓመት ቀድመዋል።

ውሳኔው ከደግነት ብቻ የመጣ አልነበረም። ንግዱ ሲታገድ አዲስ ሰው መግዛት ስለማይቻል ያሉትን ማቆየትና ታማኝ ማድረግ ግድ ሆነ፤ ከምክር ቤቶቹ ጋር የነበረው የዳኝነት ክርክርም በአንድ ብዕር ተቆረጠ። ነጻነቱ ራሱ ጎደሎ ነበር፤ ወታደሩ ከእንግዲህ የማንም ንብረት ባይሆንም ጥሎ መሄድ አይችልም፣ ምክንያቱም ነጭ ወታደር ለተወሰኑ ዓመታት መፈረም ሲችል አፍሪካዊው የሚፈርመው ዕድሜ ልኩን ለማገልገል ነበር። በ1808 በጃማይካ በኦገስታ ምሽግ የሁለተኛው ሬጅመንት አዲስ ምልምሎች ማመፃቸውና ሁለት መኮንኖች መግደላቸው ጉዳዩ በወረቀት ብቻ እንዳልተዘጋ ያሳያል። የጃማይካ ምክር ቤት በደሴቱ ያለውን ጦር የሚያዘውን ጄኔራል ጠርቶ ሊጠይቅ ሲል ጄኔራሉ አልቀርብም ብሎ ተከራከረ፤ ያ የድሮ የዳኝነት ጠብ እንደገና ተቀሰቀሰ።

ከ1807 በኋላ ምልምሎች ከየት መጡ?

የብሪታንያ የባሕር ኃይል ከያዛቸው የባሪያ መርከቦች። የ1807ቱ ሕግ ከእነዚህ መርከቦች የተወሰዱ ሰዎች ወደ ሠራዊት ወይም ወደ ባሕር ኃይል እንዲገቡ፣ አለዚያም እስከ 14 ዓመት ድረስ በሙያ ተማሪነት ስም እንዲሠሩ ይፈቅዳል። በወረቀት ላይ «ነጻ የወጡ አፍሪካውያን» ይባሉ ነበር። በ1812 በሴራሊዮን የምልመላ ጣቢያ የተቋቋመው ቀድሞ ምርኮኞች ተሰብስበው ይጫኑበት በነበረው በባንስ ደሴት ላይ ነው። ከዚያ ደሴት በሰንሰለት መሄድና በቀይ ኮት መሄድ በሕግ ፊት ትልቅ ልዩነት አለው፤ ለተጓዡ ግን መርከቡም ባሕሩም መድረሻውም ያው ነበር።

የዚህ ሁኔታ ጫፍ በ1837 በትሪኒዳድ ታየ። በቅርቡ ከመርከብ ተወስደው በአንደኛው ሬጅመንት የተመዘገቡ አፍሪካውያን በሰኔ ወር ሌሊት በሴንት ጆሴፍ ሰፈር እየዘፈኑ ተነሱ፣ ጎጆዎችን አቃጠሉ፣ ጠመንጃም ዘረፉ። መሪያቸው በመዝገብ ዶናልድ ስቱዋርት ተብሎ የተጻፈው ዳጋ ነበር። በዘመኑ የተጻፈ ዘገባ እንደሚለው ዳጋ ራሱ ምርኮኞችን ለፖርቱጋል ነጋዴዎች ሲሸጥ በመርከባቸው ላይ ተታሎ የቀረ ሰው ነው። አመፀኞቹ ወደ ምሥራቅ ጉዞ የጀመሩት በየብስ ሄደን አገራችን እንደርሳለን ብለው ነበር። በመንገድ ላይ ተያዙ፤ ዳጋና ሁለት ጓደኞቹ በነሐሴ ወር በጥይት ተደብድበው ተገደሉ።

በባርነት በተያዙት ወገኖቻቸው ላይ ተኩሰዋል?

አዎ፣ ተኩሰዋል። በሚያዝያ 1816 በባርቤዶስ ቡሳ በሚባል ሰው ስም የሚታወቀው አመፅ በፋሲካ እሑድ ሲፈነዳ፣ ለማፈን ከተላኩት መካከል «ቡርቦን» በሚባል ስም የሚጠራው አንደኛው የዌስት ኢንዲያ ሬጅመንት ነበር። አመፀኞቹ ጥቁር ወታደሮች በእኛ ላይ አይተኩሱም ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ስለዚህ በሰልፍ ሲመጡባቸው ግራ ተጋቡ።

ይህን ሲሰሙ ወታደሮቹን ከሃዲ የሚሉ አንባቢዎች አሉ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ከእነዚህ ወታደሮች ብዙዎቹ የተወለዱት በአፍሪካ ስለነበር፣ በባርቤዶስ ከተወለዱት አመፀኞች ጋር የጋራ ቋንቋም የጋራ ዘመድም አልነበራቸውም፤ «ጥቁር» የሚለው የጋራ ስም የገዢዎቹ እንጂ የእነርሱ አልነበረም። ያላቸው ነገር ቢኖር የሬጅመንቱ አባልነት ብቻ ነው፤ ያንን ካጡ ወዴት እንደሚወርዱም በዓይናቸው ያዩ ነበር።

በእነዚህ ሬጅመንቶች አንገባም ያሉ ነበሩ?

ነበሩ። ብሪታንያ ከአሜሪካ ጋር ስትዋጋ አድሚራል አሌክሳንደር ኮክራን በሚያዝያ 1814 ባወጣው አዋጅ ከጌቶቻቸው ሸሽተው ወደ እንግሊዝ መርከቦች ለሚመጡ ሰዎች በውትድርና ወይም በሰፈራ መልክ ነጻነት ቃል ገብቶ ነበር። በዚህ መሠረት የተቋቋሙት የቅኝ ግዛት ባሕረኛ ወታደሮች በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ባለው በቼሳፒክ ወሽመጥ በታንጂየር ደሴት ሠልጥነው ከተዋጉ በኋላ፣ ወደ ዌስት ኢንዲያ ሬጅመንቶች እንዲዛወሩ ሲጠየቁ እንቢ አሉ። እነርሱ ነጻ ሆነው በፈቃዳቸው የተሰለፉ ናቸው፤ በገንዘብ ከተገዛ ሰው ጋር መቆጠር ዝቅ ማለት መስሎ ታያቸው። በቤርሙዳ በመርከብ ጣቢያ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ በ1816 በትሪኒዳድ ደቡብ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ለየቤተሰቡ 16 ኤከር መሬት ተሰጠ። መንደሮቹ በሻምበሎቻቸው ቁጥር ስለተሰየሙ ዛሬም ሦስተኛው ሻምበል፣ አምስተኛው ሻምበል እየተባሉ ይጠራሉ፤ ልጆቻቸውም «ሜሪኪን» ይባላሉ፤ ቃሉ «አሜሪካን» ከሚለው የመጣ ነው።

«የኢትዮጵያ ሬጅመንት» የሚባል ነበር መባሉ እውነት ነው?

ስሙ እውነት ነው፤ ኢትዮጵያውያን ግን አልነበሩበትም። የቨርጂኒያው የእንግሊዝ አገረ ገዥ ሎርድ ዳንሞር በኅዳር 1775 ከአመፀኞች ጌቶች ሸሽተው ለንጉሡ ለሚዋጉ ሰዎች ነጻነት አውጆ ያቋቋመው ጦር በዚህ ስም ተጠርቷል። በመጽሐፍ ቅዱስ አጠራር ምክንያት «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ በእንግሊዝኛ ለጥቁር ሰው ሁሉ ይውል ነበር። ከጦሩ አብዛኛውን የጨረሰው ፈንጣጣ ነው። ዳንሞር በኋላ ከ1787 እስከ 1796 የባሃማስ አገረ ገዥ ሆኗል።

ከማሊክ አምባር ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይቻላል?

አገራችን ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚመጣው ተገቢ በሆነ ምክንያት ነው፤ በ1548 አካባቢ በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ የተሸጠው ማሊክ አምባር በሕንድ የአህመድናጋር ሱልጣኔት የጦር መሪና የመንግሥቱ አስተዳዳሪ ሆኖ በ1626 እስኪሞት የሰሜን ሕንድ ገዢዎች የነበሩትን ሙጋሎችን ተከላክሏል። የገዛው ቺንጊዝ ካን ራሱ ቀድሞ በባርነት የነበረ የሐበሻ ተወላጅ ነበር። አህመድናጋር በምትገኝበት በሕንድ ደካን በባርነት የተያዘ ወታደር ጌታው ሲሞት ወይም ነጻ ሲያወጣው ጭፍራ ሊያደራጅ፣ መሬት ሊያስተዳድር፣ ሱልጣን ሊያነግሥ ይችል ነበር። የሐበሻ ዝርያ ያላቸው ሲዲዎች በሕንድ ምዕራብ ጠረፍ ያለውን የጃንጂራን ደሴት ምሽግ ለረጅም ዘመን ይዘዋል። በካሪቢያን ግን ባርነት ከቆዳ ቀለም ጋር ስለተቆራኘ፣ ነጻ የወጣው ወታደር እንኳ ከሳጅንነት አልፎ ሊሄድ አልቻለም።

ሬጅመንቶቹ በመጨረሻ ምን ሆኑ?

ከናፖሊዮን ጦርነቶች በኋላ አብዛኞቹ ተበተኑ። ከተሰናበቱት የተወሰኑት በትሪኒዳድ ምሥራቅ መሬት ተሰጥቷቸው ሲሰፍሩ፣ ሌሎቹ በ1819 ወደ ሴራሊዮን ተወስደው ዋተርሉና ሄስቲንግስ በሚባሉ መንደሮች ተተከሉ፤ በአውሮፓ የጦር ሜዳ ስም የተጠራ የአፍሪካ መንደር ሲያጋጥም ምክንያቱ ይህ ነው። የቀሩት ሬጅመንቶች በምዕራብ አፍሪካ በብሪታንያ ዘመቻዎች አገልግለዋል፤ የመጨረሻው በ1927 ተበተነ። ከ1858 ጀምሮ ይለብሱት የነበረው የዙዋቭ ልብስ፣ ማለትም ጥልፍ ያለበት ቀይ ሰደርያና ሰፊ ሱሪ፣ ዛሬም በጃማይካ የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ላይ ይታያል። በዶሚኒካ ያለው የሸርሊ ምሽግም ታድሶ ለጎብኚዎች ክፍት ሆኗል፤ ስምንተኛው ሬጅመንት እንዲመነጥር የታዘዘው ረግረግ ከምሽጉ በታች እስካሁን አለ።